ከዚህ ጣሪያ ሥር ለጸለያችሁ ሁሉ፦ ሁለተኛ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ወገኖቻችን፣ በደቡብ ለንደን ያላችሁም ሆነ ከዚህ ተነስታችሁ ሌላ አገር የገባችሁ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የመጀመሪያውን ጥሪ ስናወጣ በእንግድነት የተቀበለን የአንግሊካን (የእንግሊዞች) ቤተክርስቲያን ጣሪያ ያፈስ ነበር። አሁን ወድቋል። ከገና በፊት ሌቦች በሰሜን በኩል ያለውን የእርሳስ ማዕድን ክዳን ገፈው ወሰዱት። ሸራ አለበስነው። የየካቲት ነፋስ ሸራውን ይዞት ሄደ። ቅዳሜ ሌሊት የኮርኒሱ ልስን የመዘምራኑ መቀመጫ ላይ ተደረመሰ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልነበረም።

እሑድ ጠዋት ስንደርስ የጸሎት መጻሕፍቱ ውሃ ጠጥተው ኩፍ ብለው ነበር። አንዲት እህታችን በየገጹ መሐል ሶፍት እያስገባች ማሞቂያው ላይ ደረደረቻቸው። የ2 ሰዓቱ የጠዋት ጸሎት ግን አልታጎለም። አዳራሹ ውስጥ ተደረገ። መጽሐፍ ስላልነበረ እዚሁ ሰፈር ተወልደው ያረጁ እንግሊዛዊት እናት ኑዛዜውን በቃላቸው መሩ። «እንደ ጠፉ በጎች ከመንገድህ ስተናል» ሲሉ ልስን ልንጠርግ የሄድነው ሁላችንም ዝም ብለን ቆምን።

«የፈረንጅ ቤተክርስቲያን ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የምትሉን አላችሁ። አልተቀየምንም፣ ግን መልስ አለን። የራሳችን ደብር ሳይኖረን ቁልፉን የሰጡን እነዚህ ሰዎች ናቸው። በግእዝ ቀድሰንበታል። ልጆቻችንን ክርስትና አንስተንበታል። ተዝካር አውጥተንበታል።

ደግሞም የእነሱ ነገር ከእኛ ብዙ አይርቅም። የጸሎት መጽሐፋቸውን የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክራንመር በ1549 አዘጋጀው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። የ1662ቱ እትም ዛሬም በሕግ የጸና ነው። በ1980 እና በ2000 በዘመኑ እንግሊዝኛ የተዘጋጁ ሥርዓቶች ከመጡ ወዲህ ግን ብዙ አጥቢያ መደርደሪያ ላይ ትቶታል። እኛ ዳዊትን በሳምንት እንደግማለን፤ በዚህ መጽሐፍ በ30 ቀን ያልቃል፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ። «ወጣቱ አይገባውም፣ ግእዙ ይቅር» ሲባል የሚያመን እኛ፣ የእነሱ ሕመም እንዴት አይገባንም? ይኸው መጽሐፍ ኢዘንበርግ በሚባል አገራችን በቆየ ሚስዮናዊ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በ1842 ለንደን ታትሟል። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም በ1879 አርፎ የተቀበረው በዊንድዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን ነው። መታሰቢያው ላይ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል ተጽፏል።

ያለፈው ገንዘብ የት ገባ ለምትሉ። 9,600 ፓውንድ ሰብስበን ነበር። ለስካፎልዲንጉ (ለግንባታ መወጣጫው)፣ ለሸራው፣ ለመሐንዲሱ ጥናትና እርጥበት ለጎዳው ኦርጋን ወጥቷል። ኦርጋኑን ቅንጦት ያላችሁት አላችሁ። የሰርክ ጸሎታቸው ያለ ኦርጋን፣ የእኛ ማኅሌት ያለ ከበሮ ማለት ነው። ደረሰኙ ሁሉ ተሰድሮ ተቀምጧል። መጥታችሁ እዩ።

አዲሱ ክዳን ሌባ እንዳይመኘው ስቴይንለስ ስቲል ይሆናል። የሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ተገኝቷል። የሚያስፈልገው 41,000 ፓውንድ ነው፤ በእጃችን ያለው 13,200 ብቻ። ከፋሲካ ወዲህ ምንም አልጨመረም። መንግሥት የሚሸፍነው የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አጥቢያው የሚኖረው ምእመኑ በሚሰጠው ነው። ስካፎልዲንጉ ደግሞ በየሳምንቱ ኪራይ ይቆጥራል። እውነቱን ለመናገር ደክሞናል።

ሒሳቡ በቤተክርስቲያኑ ስም ነው፤ በማንም ግለሰብ ስም አይደለም። ቁጥሩ በበሩ ላይ ተለጥፏል፣ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይም አለ። ስትልኩ ምክንያቱ ላይ «ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ። ባለፈው ሳትጽፉ የላካችሁት ከመብራቱ ገንዘብ ጋር ተቀላቅሎ ለመለየት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል። እዚህ አገር ግብር የምትከፍሉ የጊፍት ኤይድ (መንግሥት በስጦታችሁ ላይ የሚጨምርበት) ቅጹን ሙሉ፤ በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ፔንስ ይጨመራል። በጥሬው የምትሰጡ ደረሰኝ ሳትይዙ አትሂዱ። ደግመን እንለምናችኋለን፦ በቤተክርስቲያኑ ስም፣ ምክንያቱ «ጣሪያ»።

እስከዚያው እሑድ ጠዋት በ2 ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ነን። 14 መጻሕፍት ደርቀዋል።

የጣሪያ ጥገና ኮሚቴው