የ11 ደቂቃ ረፍት

የትምህርት ቤታችን ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ የመጣነው ለአንድ ቆርቆሮ ፊልም ልንለምናችሁ ነው።

ፊልሙን ያነሳው የሰፈራችን ልጅ ነው። ያኔ ፊልም ይማር ነበር። ለክፍል ሥራ ብሎ በረፍት ሰዓት ግቢያችን ገባና ልጆች ሲጫወቱ ቀረፀ። እሱ ካረፈ በኋላ እህቱ ቁም ሳጥን ስታጸዳ አግኝታ ሰጠችን። 16 ሚሊ ሜትር ነው፤ ርዝመቱ 122 ሜትር፣ 11 ደቂቃ ገደማ። ድምፅ የለውም።

ክዳኑን ስንከፍት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተን። ደግ ምልክት አይደለም። ሽታው፣ አሲቴት የሚባለው የፊልሙ ፕላስቲክ ሲበላሽ የሚያወጣው አሲድ ነው። አንዴ ከጀመረ እየባሰበት ይሄዳል፤ ፊልሙም ይኮማተራል። በዚያ ላይ ኔጋቲቭ የለውም። ካሜራው ውስጥ ያለፈው ራሱ ታጥቦ ነው ፊልም የሆነው። ከጠፋ ጠፋ ነው።

«ግድግዳ ላይ አሳይተን በሞባይል እንቅረፀው» ያለን ወዳጅ አልጠፋም። ርካሽ ነበር፣ ግን የተኮማተረ ፊልም ፕሮጀክተር ውስጥ ከገባ ጥርሱ ይቀደዋል። ስለዚህ ጥርስ በሌለው ስካነር፣ ምስል በምስል መገልበጥ አለበት። ዋጋ የጠየቅናቸው ሁሉ ውጭ አገር ናቸው፤ ሰው በእጁ ይዞት ይሄዳል። (ኤክስሬይ ለፈራችሁ፦ የታጠበ ፊልም አይጎዳውም።)

መስኮት ላይ ይዘን በማጉያ መነጽር ጥቂቱን አየነው። አንዲት ልጅ ሰኞ ማክሰኞ ትጫወታለች። በአንድ እግሯ ቆማ ድንጋይዋን ልታነሳ ጎንበስ ብላለች። ምስሉን ቁልቁል እየተከተልን ብንወርድም እጇ መሬት አልነካ አለ። ከኋላዋ ወንዶቹ ብይ ከበዋል። አንዱ ብቻ ጨዋታውን ትቶ ካሜራው ላይ አፍጥጧል።

መዋጮውን እንዲህ አሰብነው። ወጪውን ለ11 ከፍለን ለአንድ ባች አንድ ደቂቃ እንሰጣለን። አንድ ደቂቃ 1,440 ምስል ነው፤ ባቹ እንደ አቅሙ ይከፋፈለዋል። አንዱ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ይሆናል፣ ሌላውን ለወመዘክር (ለአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ልንሰጥ አስበናል። ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ ደረሰኙን ሁላችሁም ታዩታላችሁ። የባች ተጠሪዎች፣ ደቂቃችሁን አስመዝግቡ።

ገንዘብ ያጠረው ስም ያዋጣ። ልጅቷ ማን ናት? አንድ ካልሲዋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወርዷል፣ ጸጉሯ ሹሩባ ነው። ያወቃት ይንገረን።