የሬዲዮና ኤሌክትሮኒክስ ክበብ የዓመት ዘገባ፦ ከአሮጌ የመኪና ሬዲዮ ሪፒተር መሥራት

ክበባችን ዘንድሮ አንድ ሥራ ብቻ ይዞ ነው የከረመው፤ ከአገልግሎት የወጡ የመኪና ሬዲዮኖችን አገጣጥሞ የአማተር ሬዲዮ (ለንግድ ሳይሆን ለመማርና ለትርፍ ጊዜ የሚሠራበት ሬዲዮ) ሪፒተር መሥራት። ሪፒተር በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን እዚያው በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ ነው። በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ኃይሉ ብዙውን ጊዜ ከ5 ዋት አይበልጥም፤ ጣና ዳር የቆመ ሰው ከሕንፃና ከዛፍ ጀርባ ያለውን ጓደኛውን ላያገኘው ይችላል። ሁለቱም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለውን ሪፒተር ካገኙ ግን ይገናኛሉ።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የአገሪቱን የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ክበባችን ደግሞ ገና ፈቃድ የለውም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በአንቴና ምንም አላሰራጨንም። ከሬዲዮው የወጣው ኃይል በሙሉ ያለቀው ቤተ ሙከራ ውስጥ በተቀመጠ 50 ኦም ዱሚ ሎድ (በአንቴና ፈንታ ታስሮ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዕቃ) ላይ ነው። ለመማር ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ሪፒተር የሚያስቸግረው አንቴናው ከመሰቀሉ በፊት ነውና።

የሪፒተር ችግር በአጭሩ ሲነገር እየጮኹ ሹክሹክታ መስማት ነው። የእኛ አስተላላፊ 10 ዋት ያወጣል። ተቀባዩ ደግሞ 0.25 ማይክሮቮልት የምታህል ምልክት መስማት አለበት። በሁለቱ መካከል 159 ዴሲቤል ልዩነት አለ (በየ10 ዴሲቤሉ ኃይሉ አሥር እጥፍ ይሆናል)፤ ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ሣጥን ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜም በአንድ አንቴና ነው። ከልዩነቱ ከፊሉን የተቀባዩ የውስጥ ማጣሪያዎች ይሸከሙታል። የቀረውን ከውጭ መሸፈን የእኛ ሥራ ነው።

የባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) ምርጫው የተወሰነው በዚሁ ምክንያት ነው። በእኛ የዓለም ክፍል አማተሮች በብዛት የሚጠቀሙባቸው የሪፒተር ባንዶች 144–146 እና 430–440 ሜጋኸርዝ ናቸው። በታችኛው ባንድ በመስሚያና በማሰራጫ ፍሪኩዌንሲ መካከል ያለው ርቀት 600 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው። ይህን ያህል የተቀራረቡትን ለመለየት ወደ 90 ዴሲቤል የሚጠጋ ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ለዚህም እያንዳንዳቸው ግማሽ ሜትር ያህል ቁመት ያላቸው ስድስት የብረት በርሜሎች መደርደር ግድ ይላል። በላይኛው ባንድ ርቀቱን 7.6 ሜጋኸርዝ ማድረግ ስለሚቻል መጽሐፍ የሚያህል ባለ ስድስት ክፍል የመኪና ዱፕሌክሰር (አስተላላፊና ተቀባይ አንድ አንቴና እንዲጋሩ የሚለያያቸው ማጣሪያ) 70 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል፤ ይበቃልም። ዱፕሌክሰር ያላገኘ በሁለት አንቴና መሥራት ይችላል። አንዱ ከሌላው 10 ሜትር ከፍ ብሎ በአንድ ምሰሶ ላይ ሲተከል በ430 ሜጋኸርዝ 74 ዴሲቤል ያህል መለያየት ይገኛል፤ በ145 ሜጋኸርዝ ግን 55 ብቻ። ጎን ለጎን 10 ሜትር ቢራራቁ በላይኛው ባንድም ከ45 አያልፍም። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ጎን ለጎን መትከል የሚባለውን ሐሳብ ገና ከጅምሩ ትተነዋል።

ሬዲዮኖቹ ሁለት ሞቶሮላ ጂኤም340 ናቸው፤ ከ403 እስከ 470 ሜጋኸርዝ ይሸፍናሉ፣ ሙሉ ኃይላቸው 25 ዋት ነው። አንዱን 431.050 ላይ ተቀባይ፣ ሌላውን 438.650 ላይ አስተላላፊ አደረግናቸው። ከኋላቸው ያለው ባለ 20 እግር ሶኬት ለሪፒተር የሚያስፈልገውን ሁሉ ስለሚያወጣ ሬዲዮውን ከፍቶ መበየድ አያስፈልግም። እግር 3 የማስተላለፊያ ትእዛዝ ነው፤ 5 ያልተጣራ የድምፅ መግቢያ፣ 7 ግራውንድ፣ 8 ምልክት መምጣቱን የሚያሳውቅ መውጫ፣ 11 ደግሞ የተቀባዩ ድምፅ። የ8ን እና የ11ን ጠባይ የሚወስነው ፕሮግራሙ ስለሆነ ካልተስተካከለ ገመዱ ትክክል ቢሆንም ምንም አይሠራም። እግር 15 እና 16 መካከል ያለው ድልድይ ከተነሳ የውስጥ ስፒከሩ ዝም ይላል። ተበላሸ ተብሎ የመጣ ሬዲዮ ድምፅ ከሌለው መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ከተቀባዩ እግር 11 የሚወጣው ድምፅ በ2.2 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አልፎ፣ በ10 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር ተስተካክሎ፣ ወደ አስተላላፊው እግር 5 ይገባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤፍኤም ሬዲዮ ሲያስተላልፍ ቀጭኑን ድምፅ ያጎላል፤ ሲቀበል ያጎላውን መልሶ ይቀንሳል። የተጣራ የምንለው ይህ ቅነሳ የተደረገበትን ድምፅ፣ ያልተጣራ የምንለው ያልተደረገበትን ነው። ያልተጣራ ድምፅ ወደ ማይክ መግቢያው፣ ማለትም ወደ እግር 2 ከገባ ማጉላቱ ሁለት ጊዜ ስለሚሆን ሰው በቆርቆሮ ውስጥ የሚናገር ይመስላል። የተጣራው ወደ እግር 5 ከገባ ደግሞ ድምፁ ይታፈናል። ያልተጣራ ካልተጣራ፣ የተጣራ ከማይክ ጋር፤ ሌላ መላ የለውም።

ሌላው በተደጋጋሚ የገጠመን ድምፁ ጎላ ሲል መቆራረጡ ነው። የድርጅት ሬዲዮኖች በአብዛኛው ለ12.5 ኪሎኸርዝ ቻናል የተዘጋጁ ናቸው፤ የፍሪኩዌንሲው ውዝዋዜም ከ2.5 ኪሎኸርዝ ማለፍ የለበትም። የእጅ ሬዲዮው በ25 ኪሎኸርዝ ቻናል ላይ ከተተወ እስከ 5 ይወዛወዛል፤ ተናጋሪው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ምልክቱ ከማጣሪያው ይወጣና ተቀባዩ ይዘጋል። መድኃኒቱ የእጅ ሬዲዮውን ወደ ጠባቡ ቻናል ማዞር ነው። ፖቴንሽዮሜትሩን መነካካት ምንም አይጠቅም።

መቆጣጠሪያው አርዱይኖ ናኖ የሚባል ፕሮግራም የሚጻፍበት ትንሽ ሰሌዳ ነው። ከእግር 8 ምልክት ሲመጣ በ4.7 ኪሎ ኦም በኩል 2ኤን2222 ትራንዚስተር ይከፍታል፤ ትራንዚስተሩም የአስተላላፊውን እግር 3 ወደ ግራውንድ ይስባል። ተናጋሪው ሲለቅ አንድ ሰከንድ ተኩል ይቆይና ይዘጋል፤ ሦስት ደቂቃ ሳያቋርጥ ከተነገረ በግድ ያቆማል። ከትራንዚስተሩ ቤዝ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም መጨመር ግድ ነው፤ አለዚያ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር አርዱይኖው እስኪነሳ ድረስ አስተላላፊው በራሱ ሊከፈት ይችላል። አስተላላፊው በተከፈተ ቁጥር አርዱይኖው የሚጠፋና የሚነሳ ከሆነ ሬዲዮ ሞገድ በገመዶቹ ገብቷል ማለት ነው። በእያንዳንዱ መግቢያ ላይ 1 ናኖፋራድ ካፓሲተር ወደ ሣጥኑ ላሜራ ማሰር ያስታግሰዋል። ጩኸት ሪፒተሩን እንዳይከፍተው በምንጠቀመው፣ ከንግግሩ ጋር አብሮ በሚላከው ዝቅተኛ የመለያ ቃና ምርጫ ላይም አንድ ነገር እንጨምር፤ 100 ኸርዝ አይመረጥም። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ከፓወር ሰፕላይ የሚወጣው እምምታ በትክክል 100 ላይ ስለሚያርፍ ቃናውን ያምታታል። እኛ 88.5 ወስደናል።

አባላቱ ሁሉ ፕሮግራም መጻፍ ይወዳሉ፤ ኮኔክተር መግጠም የሚወድ ግን አልተገኘም። ሪፒተርን የሚገድለው ደግሞ ኮኔክተሩ ነው።

ዱፕሌክሰሩን ያስተካከልነው በናኖቪኤንኤ፣ ማለትም በየፍሪኩዌንሲው ምን ያህል ምልክት እንደሚያልፍ በመስመር በሚያሳይ ትንሽ መለኪያ ነው። መሣሪያው በኬብሎቹ ጫፍ ላይ ካሊብሬት ከተደረገ በኋላ አንዱ ኬብል ወደ አንቴና ቀዳዳ፣ ሌላው ወደ ተቀባዩ ቀዳዳ ይገባል፤ ሦስተኛው ቀዳዳ በ50 ኦም ይዘጋል። ባዶ ከተተወ የሚታየው መስመር ሁሉ ውሸት ነው። በተቀባዩ በኩል ያሉት ሦስት ብሎኖች 438.650 ላይ ጉድጓድ እንዲቆፍሩ (ያንን ፍሪኩዌንሲ እንዳያሳልፉ) ይደረጋል፤ ተቀባዩን የሚያደነቁረው የአስተላላፊው ፍሪኩዌንሲ ያ ነውና። ቀጥሎ በአስተላላፊው በኩል ያሉት ሦስቱ 431.050 ላይ ይደረጋሉ፤ የአስተላላፊው ርዝራዥ ጩኸት ተቀባዩ በሚሰማበት ቦታ ላይ እንዳይወጣ። አንዱ ብሎን ሲነካ ሌላው ስለሚንሸራተት ቢያንስ ሦስት ዙር መመላለስ ያስፈልጋል። መቆለፊያ ዳዶው ሲጠብቅም ጉድጓዱ ይነቃነቃል፤ ስለዚህ ብሎኑን በካቻቢቴ ይዞ ዳዶውን በቁልፍ እያጠበቁ ዓይንን ከመስመሩ አለመንቀል ነው። የሚፈለገው ምልክት ሲያልፍ የሚጠፋበት ከ1.5 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ናኖቪኤንኤ በዚህ ፍሪኩዌንሲ ላይ እስከ 70 ዴሲቤል ጥልቀት አያይም፤ ጉድጓዱ ከመሣሪያው የራሱ ጩኸት በታች ይሰምጣል። የመጨረሻው ዳኛ ተቀባዩ ራሱ ነው።

የዳኝነቱ አካሄድ እንዲህ ነው። አስተላላፊው ተዘግቶ ደካማ ምልክት በደረጃ አቴኑዌተር (ምልክትን በታወቀ መጠን የሚያዳክም መሣሪያ) በኩል ወደ ተቀባዩ ይገባል፤ ድምፁ በጩኸት ሊዋጥ ትንሽ ሲቀረው አቴኑዌተሩ የሚያሳየው ቁጥር ይጻፋል። ከዚያ አስተላላፊው በእጅ ይከፈታል። ጩኸቱ ከጨመረ ድምፁ ወደ ቀድሞው እስኪመለስ ድረስ አቴኑዌተሩ ይቀነሳል፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የመደንቆሩ መጠን ነው። በመጀመሪያው ልኬት 9 ዴሲቤል ነበር። ዱፕሌክሰሩ ከመወቀሱ በፊት መደረግ ያለበት አስተላላፊውን ከዱፕሌክሰሩ ነቅሎ በቀጥታ ዱሚ ሎድ ላይ ማሰር ነው። መደንቆሩ እንዳለ ከቀጠለ ችግሩ ማጣሪያው ውስጥ አይደለም፤ ሞገዱ በኬብል ሽፋን፣ በሣጥኑ ክፍተት ወይም በኃይል ገመድ በኩል እየዞረ ነው። የእኛም እንደዚያ ነበር። ጥፋተኛው በሬዲዮኖቹና በዱፕሌክሰሩ መካከል የነበረው ባለ አንድ መረብ አርጂ58 ኬብል ነው። ሁለት የመዳብ መረብ ባለው አርጂ223 ሲተካና ሬዲዮኖቹ በየራሳቸው የላሜራ ሣጥን ሲገቡ መደንቆሩ ከ1 ዴሲቤል በታች ወረደ። ገዝተው ለመሥራት የሚያስቡ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ በአሉሚኒየም ፎይል ላይ የመዳብ መረብ የተጎነጎነበት ኬብል ለአንድ መንገድ ሥራ ጥሩ ቢሆንም በሪፒተር ላይ ሲነቃነቅ ጭርጭርታ ይፈጥራል።

ወደ አንቴና የሚሄደው ኬብልም እንደዚሁ ነው። 20 ሜትር አርጂ58 በ430 ሜጋኸርዝ ከ7 ዴሲቤል በላይ ይበላል፤ ከ10 ዋቱ ጫፍ ላይ የሚደርሰው 2 ዋት እንኳ አይሞላም። በአርጂ213 ግማሹ ይደርሳል።

ስለ ኃይል ብዙ የሚባል የለም። የመኪና ሬዲዮ ጥቂት ተናግሮ ብዙ እንዲያርፍ ነው የተሠራው፤ ሪፒተር ሲሆን ያለ ዕረፍት ይሠራል። ስለዚህ ከ25 ወደ 10 ዋት ዝቅ አድርገን፣ የሙቀት ማስወጫ ክንፎቹን ወደ ላይ አቁመን፣ የኮምፒውተር ፋን ጨምረናል። ሲያስተላልፍ 4 አምፔር ይወስዳል፤ ይህም በ13.6 ቮልት 54 ዋት ነው፣ 44ቱ ሙቀት ይሆናል። የአሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ርካሽ ቢሆንም 12 ቮልት ብቻ ይሰጣል፣ ጩኸትም ያስገባል፤ አንመክረውም። መብራት ሲሄድ የሚይዘው ባትሪ ስሌቱ ቀላል ነው። ሁለቱ ሬዲዮኖች ሲጠብቁ በአንድ ላይ 0.7 አምፔር ይወስዳሉ፣ በቀን 17 አምፔር ሰዓት ገደማ። በቀን ሦስት ሰዓት ቢነገርበት 12 ይጨመራል። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ ግማሹን ብቻ መጠቀም ስለሚገባ አንድ ቀን ከግማሽ ያህል ይዘልቃል።

ፈቃዱ ሲገኝ ሪፒተሩ የት ይተከል የሚለው ጥያቄ በአባላት መካከል ክርክር አስነስቷል። በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ 20 ሜትር ከፍታ ቢገኝ በሐይቁ ላይ ጀልባ ውስጥ ያለ ሰው እስከ 24 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል፤ ለዘጌና በባሕር ዳር አቅራቢያ ላሉ ደሴቶች ይበቃል። 100 ሜትር ከፍ ያለ ኮረብታ ላይ ቢሆን 47 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጣና ግን ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎርጎራ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር እሱም በበኩሉ ከፍ ያለ ቦታ ያስፈልገዋል። የቤዛዊት ኮረብታ ይሁን የሚሉ አሉ፤ እኔ በበኩሌ መብራትና ጥበቃ ያለበት ዝቅ ያለ ጣሪያ ይሻላል እላለሁ፤ ሌሊት ሊጠግኑት የማይደርሱበት ሪፒተር የለም ከሚባለው አይለይም። በአገራችን ለረጅም ዘመን የቆየው የአማተር ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ የሚገኘውም አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ውስጥ፣ ተማሪ በሚደርስበት ቦታ ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት አባላት የሚቀረው ሥራ የአንቴናው ወገን ነው። የመስሚያ አንቴናችን ከሰኔ እስከ መስከረም ተነቅሎ ጫፉ ወደ ግራውንድ ይታሰር፤ የጣና ዳር መብረቅ በፊውዝ አይመለስም። ውጭ የሚቀር ኮኔክተር ኤን ዓይነት ይሁን፤ ፒኤል259 በዚህ ፍሪኩዌንሲም አይመችም፣ ውኃም ያስገባል። በሚለጠጥ ራሱን በሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ይጠቅለል፤ ከላይ ወደ ታች ከተጠቀለለ ዝናቡ በየድርቡ ስር ይገባል። ምሰሶው ላይ የዛገ ብሎን ካለ ይለወጥ፤ ዝገት በነፋስ ሲነቃነቅ ተቀባዩ ላይ ጭርጭርታ ያመጣል፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲፈለግም አይገኝም። ባትሪው በክረምቱ በወር አንድ ጊዜ እየተሞላ ይቆይ። የዱፕሌክሰሩ ብሎኖች ላይ ያለው ቀይ ቀለም ከተሰነጠቀ አንድ ሰው ነክቶታል ማለት ነውና ሪፒተሩ ከመከፈቱ በፊት እንደገና ይለካ።