ስታንድኤጅ ዋሻ ውስጥ የብስክሌት መንገድ የለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

እዚህ እንግሊዝ ውስጥ ከማንችስተር እስከ ሀደርስፊልድ በቦይ ዳር ስለሚሄደው የብስክሌት መንገድ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። አንዴ ሳይሆን አምስቴ። የማውቀው ሰው ሁሉ "ያንተን ነገር ጻፉልህ" እያለ ላከልኝ።

ፎቶዎቹ ያምራሉ። ዳክዬዎቹም ያምራሉ። የኔ ጠብ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። የቦዩ ዳር መንገድ የፔናይን ተራሮችን በስታንድኤጅ ዋሻ ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ጉዞው ከዳር እስከ ዳር ሜዳ ነው ብላችኋል።

እኔ ባሕር ዳር ያደግኩ ሰው ነኝ። ሜዳ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት ስትነዳ ፔዳሉን ገፋ ገፋ እያደረግክ፣ ላገኘኸው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠህ ትሄዳለህ። ዋሻው አፍ ላይ ያለችው ዲግል ላይ ግን ለሰላምታ የሚተርፍ ትንፋሽ የለም።

እስቲ ረጋ ብለን እንየው። መንገዱ ዳር ዳሩን የሚከተለው ቦይ፣ የሀደርስፊልድ ናሮው ካናል፣ ርዝመቱ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች ርቀት 74 ሎክ አለው። ሎክ ማለት ውሃውን በበር ዘግተው ጀልባውን እንደ ደረጃ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉበት ነው። በማንችስተር አቅጣጫ ካለችው ከአሽተን በኩል ስትመጡ 32ቱ ሽቅብ ናቸው። የቀሩት 42ቱ ከዋሻው ማዶ ካለችው ከማርስደን ወደ ሀደርስፊልድ ቁልቁል ይወርዳሉ። የቦዩ አናት ከባሕር ወለል በላይ 197 ሜትር ያህል ነው፤ በብሪታንያ ከዚህ ከፍ ያለ ቦይ የለም። ውሃው እንኳን 32 ደረጃ ወጥቶ የሚደርስበትን ቦታ እናንተ ሜዳ አላችሁት።

ይሄ ሽቅብ ሰው አይገድልም። በየሎኩ አጠገብ ትንሽ አቀበት አለች፣ እሷን ከጨረስክ ታርፋለህ። እስከ ዲግል ድረስ ይቅር ልላችሁ እችል ነበር።

ዲግል ላይ ግን ቦዩ ዋሻው ውስጥ ይገባል፣ መንገዱ ደጅ ይቀራል። ዋሻው ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ቁፋሮው እ.ኤ.አ. በ1794 ተጀምሮ በ1811 ነው ለጀልባ የተከፈተው። ጠባብ አድርገው ስለሠሩት ዳሩ ላይ መሄጃ የለውም። በዚያ ዘመን ጀልባ የሚጎትተው ፈረስ ነበር። ዋሻው አፍ ላይ ሲደርሱ ፈረሱን ፈትተው በተራራው አናት ይነዱታል። ጀልባውን ደግሞ ሰዎች በጀርባቸው ተንጋለው፣ ግድግዳውን በእግራቸው እየገፉ ያሻግሩታል። ጭነት የያዘ ጀልባ 3 ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር። መንገድ ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ጨለማ ውስጥ ተንጋሎ ግድግዳ የሚረግጠው ለስፖርት ነው?

የብስክሌተኛ ዕጣ እንግዲህ የፈረሱ ነው። በላይ በኩል።

በውስጡ መሄጃ ያለው ዋሻ የለም አላልኩም። ሞስሊ አጠገብ ያለችው የስካውት ዋሻ አጭር ናት፣ መንገድም አላት። ምናልባት ዘጋቢያችሁ እሷን አይቶ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን መንገዱን ያየው ከባቡር መስኮት ሳይሆን አይቀርም። ባቡሩ እውነትም ተራራውን በዋሻ ያልፋል። ወንበሩም ይሞቃል።

አሁን ወደ ራሴ ቁስል ልምጣ። የእህቴ ልጅ ማንችስተር ይማራል። ዘገባችሁን አንብቦ፣ ከጓደኛው ቀጭን ጎማ ያለው የአስፋልት ብስክሌት ተውሶ ብቻውን ተነሣ። ለኔ አልነገረኝም። ድንገት በሬን አንኳኩቶ ሊያስገርመኝ ፈልጎ ነው። የዝናብ ልብስ የለ፣ መንፊያ የለ፣ ትርፍ ካላማዳሪ የለ። ሜዳ ነዋ!

ሌሊቱን ሥራ አድሬ ተኝቼ ነበር። ስልኬ ጮኸ። "ጋሼ፣ ዋሻው በር ላይ ነኝ። ውስጡ ውሃ ብቻ ነው። መንገዱ በየት በኩል ነው?"

"ከራስህ በላይ" አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

ብስክሌቴን ይዤ ከማርስደን በኩል ሽቅብ ወጣሁ። ላዩ ሙር ነው። ጉና ተራራን ወይም የመንዝ ጓሳን ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል፦ ዛፍ የሌለው፣ ሣርና ቁጥቋጦ የለበሰ፣ ንፋስና ጭጋግ የማይለየው ደጋ። መንገዱ ደግሞ ኮረኮንች ነው። የኔ ጎማ ሰፊ ነው፣ ለዚያ ብዬ ነው የገዛሁት። ልጁን ሳገኘው የኋላ ጎማው ተንፍሶ፣ ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በስብሶ እየመጣ ነበር። ማታ እህቴ ከባሕር ዳር ደወለች። "አንተ፣ ልጄን ገደል ልትከትብኝ ነው?" እናንተን ስለማታውቃችሁ የተሰደብኩት እኔ ነኝ።

ላዩ ላይ ምን አማራጭ እንዳለም አንድ መስመር አልጻፋችሁም። አንዱ ኤ62 የሚባለው አስፋልት ነው፣ መኪናው ጆሮህን ታክኮህ ያልፋል። ሌላው የፈረስ መንገዶቹ ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ ሰማያዊ ቀስት ያለበት የፈረስ መንገድ ላይ ብስክሌት መንዳት ከ1968ቱ ሕግ ጀምሮ ተፈቅዷል፣ ለእግረኛና ለፈረስ ቅድሚያ እስከሰጠህ ድረስ። ቢጫ ቀስት የእግረኛ ነው፣ ባለመሬቱ ካልፈቀደ በብስክሌት አይገባም። አለቀ። ይቺን ለመጻፍ ከዳክዬዎቹ አንዷን መቀነስ ይበቃ ነበር።

አናቱ ላይ አረፍ ብላችሁ ጥብስ ጥበሱ ያላችሁትንስ ምን ልበለው? ማርስደን ሙር ላይ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። አፈሩ ፒት ይባላል፣ ሲደርቅ እንደ ኩበት ነው የሚነደው። በ2019 በፈረንጆች ፋሲካ ሰሞን 700 ሄክታር ገደማ ተቃጥሏል። ጥብሱ ቤት ይጠበስ።

መጨረሻ ላይ ደግሞ ሐበሻ በዚህ መንገድ አይታይም፣ ከብስክሌት ጋር ያለው ትውውቅ ምግብ ከማድረስ አያልፍም ብላችሁ ደመደማችሁ። አይታይም? እኛ አምስት ነን። በ2020 ቤተ ክርስቲያኑም ሁሉም ነገር ሲዘጋ ነው የጀመርነው። ሁለታችን አረጋውያን እንንከባከባለን፣ አንዱ ታክሲ ይነዳል፣ አንዱ መጋዘን ይሠራል። አምስተኛው አዎ፣ ሳምንቱን ሙሉ ምግብ ያደርሳል። ሽቅብ ላይ ሁላችንንም ጥሎን የሚሄደው እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ፎቷችንን ልኬላችሁ ነበር። "ደርሶናል" እንኳን አላላችሁኝም።

በ2014 (በፈረንጆቹ) ታላቁ የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስ ሀደርስፊልድን ሲያቋርጥ ዳር ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጽጋቡ ግርማይ በዚያው ውድድር የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2024 የኤርትራው ቢንያም ግርማይ የሦስት ቀን ውድድር አሸንፎ በነጥብ ለሚበልጠው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ወሰደ። እነሱም ምግብ ሊያደርሱ ነበር የሄዱት?

የምፈልገው ማስተካከያ ነው፤ ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን። ዘጋቢያችሁም እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ማርስደን ባቡር ጣቢያ ይምጣ። 2 ሰዓት ማለት 2 ሰዓት ነው፣ በሐበሻ ቀጠሮ አይደለም። ትርፍ ብስክሌት አለን። ዳቦና ሻይ እኛ እንይዛለን። የዝናብ ልብስ ራሱ ይያዝ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሀደርስፊልድ