የጀርመን ኑዛዜ ብር ካልጠየቁት አይመጣም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጋዜጣችሁ ስለ ውርስ ሲጽፍ ሁሌ የመሬትና የቤት ክርክር ነው፣ እስቲ አንዴ ውጭ ሀገር ስለሚሞት ሰው ኑዛዜም ይነሳ ብዬ ነው።

መሀል ሜዳ ያለችው አክስቴ ጎረቤቷ የነበሩ አሮጊት አልጋ ላይ ሲውሉ እስከ መጨረሻው አስታመመቻቸው፣ ልጃቸው ፍራንክፈርት ነበር የሚኖረው፣ እሱም ሲሞት በእጁ ጽፎ በፈረመው ኑዛዜ 15 ሺህ ዩሮ ተወላት። እዛ ጀርመን ያለው የውርስ ፍርድ ቤት ኑዛዜውን ከፍቶ ኮፒውን ላከላት። እሷ ማኅተሙን ስታይ በቃ ብሩም ይከተላል ብላ ወረቀቱን ከማርያም ሥዕል ጀርባ ሰክታ ቁጭ አለች፣ ጎረቤቱም ሁሉ ፍርድ ቤት ከያዘው ምን ያሳስብሻል ይላታል።

ፍርድ ቤቱ ግን ማሳወቅ እንጂ ማከፋፈል ሥራው አይደለም። በጀርመን ሕግ ሰውየው እንደሞተ ንብረቱም እዳውም ጠቅላላ ወደ ወራሾቹ ያልፋል፣ እዚህ ጋ ወራሾቹ ልጆቹ ናቸው። አክስቴ ወራሽ አይደለችም፣ የኑዛዜ ስጦታ የተተወላት ሰው ናት፣ ያላት መብት ስጡኝ ብሎ ወራሾቹን መጠየቅ ነው። ባንክ ሄዳ ልታወጣ አትችልም፣ በሌላ በኩል ደግሞ የሟች እዳ ጠያቂ እሷ ደጅ አይመጣም። እዳው ከንብረቱ ከበለጠ ግን የሷም ድርሻ ሊቀንስ ወይ ጭራሽ ሊቀር ይችላል።

ልጆቹን አልወቅስም፣ ሐዘን ላይ ናቸው፣ አማርኛውም በቅጡ አይሆንላቸውም። በኢሞ ሲደወልላቸው ቤቱ ሲሸጥ እንልካለን ነው መልሳቸው። ወራሽ ውርሱን ከተቀበለ በኋላ ለመጀመሪያው 3 ወር ታገሱኝ ማለት ይችላል፣ ከዛ በኋላ ግን ኑዛዜው ራሱ ቤቱ ሲሸጥ ይሰጣት ካላለ በቀር የቤቱ መሸጥ አለመሸጥ ምክንያት አይሆንም።

ዋናው የሚያሰጋኝ ይርጋው ነው፣ ማለትም መብቱን መጠየቂያው ጊዜ ማለፉ። ለገንዘብ 3 ዓመት ነው፣ የሚቆጠረውም ስጦታውን ካወቀችበት የፈረንጅ ዓመት ማለቂያ ጀምሮ ነው፣ እና የሚያልቀው በኛ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ሰው ለገና ሲሯሯጥ ነው ማለት ነው። የተተወው ቤት ወይ መሬት ቢሆን 10 ዓመት ነበር። ደብዳቤ መላክ ብቻውን ቆጠራውን አያቆመውም፣ ክስ ወይ በፍርድ ቤት በኩል የሚላክ የክፍያ ትእዛዝ ያቆመዋል። ድርድር ላይ እስካሉ ቆጠራው ይቆማል፣ ግን በስልክ እሺ እሺ የተባለውን ማን ይመሰክራል? ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን። ልጆቹ ራሳቸው አዎ አለብን ብለው ቢጽፉማ 3 ዓመቱ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ክስ ከሆነ ይሄን ለሚያህል ብር ያለ ጠበቃ መቅረብ አይቻልም፣ አቅም የሌለው ግን የፍርድ ቤት ወጪ እርዳታ ማመልከት ይችላል፣ ጀርመናዊ መሆንም አይጠበቅበትም። ይሄን ሳናጣራ በፊት አንድ ደላላ ግማሹን ካልሰጣችሁኝ አይሆንም ብሎን ነበር (ለምኑ ነው ግማሹ?)። የጀርመኑ ውርስ ግብርም ያን ያህል አያስፈራም፣ ዘመድ ላልሆነ ሰው እስከ 20 ሺህ ዩሮ ነፃ ነው።

አሁን የያዘን ሌላ ነው። ሰውየው ኑዛዜው ላይ የጻፋት ሰፈር በምትጠራበት የቤት ስሟ ነው፣ መታወቂያዋ ላይ ያለው ሌላ ነው፣ የልጆቹ ጠበቃ ይቺ ሴት ማን ናት ብሎ ከመጠየቁ በፊት ሁለቱም ስም የሷ ነው የሚል ማስረጃ ከቀበሌ አውጥተን ለማስተርጎም እየተሯሯጥን ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን