የምክር ቤት መሪነት ለውለታ መክፈያ አይሰጥም

ክቡር አዘጋጅ፣

አንድ ፓርቲ በምክር ቤት የሚመሩትን ሰዎች ሲመርጥ ሥነ ምግባርን ያስቀድም ወይስ ታማኝነትን የሚለው ክርክር በጥቅሉ ሲነሣ ሁሉም ለሥነ ምግባር ይፈርዳል። ፈተናው የሚመጣው ውለታ የዋለ የቅርብ ሰው ወንበሩን ሲጠይቅ ነው። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች በጥቂት ዓመታት ልዩነት ይህን ፈተና አይተውታልና፣ ከዚያ ተነሥቼ አቋሜን ላካፍል እወዳለሁ። የፓርቲ መሪዎች የግል ውለታቸውን በምክር ቤት ሥልጣን ሊከፍሉ አይገባም፤ አባላት ይህን እምቢ ሲሉም እንደ ከሃዲ ሊቆጠሩ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 ዴሞክራቶች ከ12 ዓመታት በኋላ የተወካዮች ምክር ቤቱን አብላጫ መቀመጫ ሲያስመልሱ፣ ከቅስቀሳቸው ዐበይት መልእክቶች አንዱ የተቀናቃኞቻቸውን «የሙስና ባህል» እናስወግዳለን የሚል ነበር። ከድሉ ጥቂት ቀናት በኋላ ግን አፈ ጉባኤ ለመሆን የተዘጋጁት ወይዘሮ ናንሲ ፔሎሲ፣ ለብዙኃኑ መሪነት (አብላጫው ፓርቲ በምክር ቤቱ ከአፈ ጉባኤው ቀጥሎ ላለው ሥልጣን) የፔንስልቬንያውን ተወካይ ጆን መርታን እንደሚደግፉ በደብዳቤ አስታወቁ። መርታ በ2001 ፔሎሲ ለፓርቲው ተጠሪነት ሲወዳደሩ ቅስቀሳቸውን የመሩላቸው ሰው ነበሩ፤ በዚያ ውድድር የተሸነፉት ስቴኒ ሆየር ደግሞ አሁን የመርታ ተፎካካሪ ሆነው ቀረቡ። ውለታውም ቅሬታውም ለማንም የተሰወረ አልነበረም።

ችግሩ የመርታ ስም በ1980 ይፋ ከሆነው «አብስካም» ከተባለው የኤፍ.ቢ.አይ. (የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ) የጉቦ ምርመራ ጋር መነሣቱ ነበር። በዚያ ምርመራ አንድ ሴናተርና ስድስት የምክር ቤት አባላት ተፈርዶባቸዋል። መርታ ጉቦ ሰጪ መስለው የቀረቡ መርማሪዎች ያቀረቡላቸውን ገንዘብ አልተቀበሉም፣ ክስም አልተመሠረተባቸውም፤ ነገር ግን በስውር በተቀረጸው ምስል ላይ በሩን ለወደፊቱ ጨርሰው ሳይዘጉ ሲነጋገሩ ይታያሉ። ለእርሳቸው ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ በቬትናም የተዋጉ ወታደር እንደነበሩና በ2005 የአሜሪካ ጦር ከኢራቅ እንዲወጣ በድፍረት እንደጠየቁ መታወስ አለበት፤ ብዙ የፓርቲው ደጋፊዎችም በዚህ ያከብሯቸው ነበር። ይሁንና ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ጥፋቱ ተረጋግጧል ወይ ብሎ ሲሆን፣ መሪ የሚመርጥ ጉባኤ ግን ይህ ሰው ነገ በፓርቲው ስም ቆሞ ስለ ንጽሕና ሲናገር ሕዝብ ያምነዋል ወይ ብሎ የመጠየቅ መብት፣ እንዲያውም ግዴታ አለበት።

የዴሞክራት ተወካዮች ጉባኤ በኖቬምበር 16 ተሰብስቦ ፔሎሲን በአንድ ድምፅ ለአፈ ጉባኤነት ዕጩ አደረገ፤ ወዲያው በምስጢር በተሰጠ ድምፅ ደግሞ 149 ለ86 በሆነ ልዩነት ሆየርን መረጠ። እነዚያው አባላት በዚያው ቀን መሪያቸውንም አከበሩ፣ የመሪያቸውን ምርጫም አልተቀበሉም። ሆየርን ያስመረጣቸው ሥነ ምግባር ብቻ ነው እያልኩ አይደለም፤ እርሳቸውም ለዓመታት ያፈሯቸው የራሳቸው ወዳጆች ነበሯቸው። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ታማኝነት ካልቀደመ ፓርቲ ይፈርሳል ለሚሉ ሁሉ መልስ ይሆናል ብዬ አምናለሁ፤ ፔሎሲና ሆየር በ2022 መጨረሻ ከመሪነት እንደሚነሡ እስኪያስታውቁ ድረስ ጎን ለጎን ሆነው ፓርቲውን መርተዋል።

የሪፐብሊካኖቹ ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። በ1993 ራሳቸው ባወጡት ደንብ፣ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ የፓርቲው መሪ ከኃላፊነቱ እንዲነሣ ወስነው ነበር። በ2004 በቴክሳስ የብዙኃኑ መሪ የቶም ዲሌይ ተባባሪዎች ሲከሰሱና ክሱ ወደ እርሳቸውም ሊደርስ ይችላል ተብሎ ሲፈራ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር በዝግ ስብሰባ ደንቡን ለወጡት። የተለወጠው ስም በማይመዘገብበት የቃል ድምፅ ስለነበር ማን እንደደገፈና ማን እንደተቃወመ በይፋ አልታወቀም። ተቃውሞው ሲበረታ በጃንዋሪ 2005 ወደ ቀድሞው ደንብ ተመለሱ፤ በሴፕቴምበር ዲሌይ ሲከሰሱም በደንቡ መሠረት ከመሪነት ተነሡ። አንድን ሰው ለማዳን ሲባል ሁሉንም የሚገዛ ደንብ ሲነካ፣ ታማኝነቱ የተሰጠው ለሰውየው ነው፤ ለፓርቲው ነው ማለት አይቻልም።

ዲሌይ በ2010 ቢፈረድባቸውም ፍርዱ በይግባኝ ተሽሮ በ2014 በመጨረሻ ነፃ ወጥተዋልና ደንቡ በደላቸው የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ክርክር በቁም ነገር ሊታይ የሚገባው ነው። ሆኖም ደንቡ ጥፋተኛ ነህ አላላቸውም፤ የምክር ቤት መቀመጫቸውንም አልወሰደባቸውም። ያደረገው ነገር ቢኖር ጉዳያቸው እስኪለይ ድረስ የሌሎች ከሁለት መቶ በላይ ተወካዮች ስምና ሥራ ከእርሳቸው ክስ ጋር እንዳይተሳሰር መከላከል ብቻ ነው። የመሪነት ወንበር ከአባላት በአደራ የሚሰጥ እንጂ የማንም የግል መብት ስላልሆነ፣ ለጊዜው መልቀቁ ቅጣት ሊባል አይችልም።

ስለ ድምፅ አሰጣጥ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሲመረጥ ድምፁ በምስጢር ቢሰጥ መልካም ነው፤ አባሉ የመሪውን ቂም ሳይፈራ ኅሊናው የሚለውን ይመርጣል። ደንብ ሲለወጥ ግን፣ በተለይም ለውጡ የሚጠቅመው ሰው በስም በሚታወቅበት ጊዜ፣ እያንዳንዱ አባል የሰጠው ድምፅ በስሙ ተመዝግቦ ለመራጮቹ ይፋ መሆን አለበት። ለመሪነት የሚቀርብ ዕጩም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት በጉባኤው ፊት ቆሞ ስለ ቀድሞ ሥራው የሚነሣበትን ጥያቄ ሁሉ ሊመልስ ይገባዋል፤ ይህን የማይፈቅድ ዕጩ ካለ ድጋፍ የሚሰጡት አባላት ምክንያታቸውን ለመራጮቻቸው ያስረዱ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ