ለቅዳሜው ውይይት

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ከረማችሁ? ቅዳሜ 9 ሰዓት ፈረንጅ አራዳ፣ የተለመደችው ቡና ቤት እንገናኝ። የምናወራው ስለ ሎይስ ሎውሪ ልብ ወለድ «ዘ ጊቨር» ነው፣ በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመው።

መጀመሪያ ላይ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ማኅበረሰብ ያስቀናል። ረሃብ የለም፣ ጦርነት የለም፣ ያጠፋ ሰው ወዲያው ይቅርታ ይጠይቃል። ግን ቀለምም የለም። ሥራህንና የትዳር ጓደኛህን ሽማግሌዎች ይመርጡልሃል። ደግሞ «መሸኘት» የሚሏት ቃል አለች። አረጋውያን ይሸኛሉ፣ ደካማ ሕፃናትም ይሸኛሉ። ወዴት? ደፍሮ የሚጠይቅ የለም። የ12 ዓመቱ ጆናስ ግን አባቱ ከመንታዎቹ ክብደቱ ያነሰውን ሕፃን ግንባሩ ላይ በመርፌ ሲወጋው፣ ከዚያ ካርቶን ውስጥ አስተኝቶ «ቻው» እያለ ሲሰናበተው በቀረጻ ያያል።

እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ በረንዳ ወጣሁ፣ ዝናቡን ዝም ብዬ አየሁት። ያስጨነቀኝ መግደሉ ብቻ አይደለም። አባትየው ደግ ሰው ነው፣ ማታ ከልጆቹ ጋር የሚጫወት፣ ለሌላ ሕፃን የሚሳሳ። ክፋቱ እንዲህ ባለ ሰው እጅ ሲያልፍ ማየት ከበደኝ። ቅዳሜ በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ እንውሰድ፣ እባካችሁ።

መጽሐፉ ያልደረሳችሁ ጻፉልኝ፣ የኔ ቅጂ ከነገ ጀምሮ ነፃ ነው።