401ኬሽን ወደ አይአርኤ ሳታዞሪው ይህን አንብቢ

ወለላዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ለመጀመር አፈርኩ። ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። እማማ ሲያርፉ በድምፅ መልእክት ብቻ ማለፌን ይቅር በይኝ። መምጣት ነበረብኝ፣ አልመጣሁም። እሱን በአካል ስንገናኝ ቁጭ ብለን እናወራዋለን። አሁን የምጽፍልሽ ግን ስለቸኮልኩ ነው።

ትናንት ማታ እህትሽ ደወለችልኝ። ከሥራ መቀነስሽን የሰማሁት ከሷ ነው። ደንግጫለሁ። ከዚያ ደግሞ የ401ኬሽን (የመሥሪያ ቤቱን የጡረታ ቁጠባ) ነገር አነሳችልኝ። አንድ የቤተክርስቲያን ሰው «መጀመሪያ ወደ አይአርኤ አዙሪው፣ ከዚያ በፈለግሽ ጊዜ ታወጫለሽ» ብሎሻል አለችኝ። (አይአርኤ በግል የሚከፈተው የጡረታ ሒሳብ ነው።) ፎርሙን ፈርመሽ ካልላክሽ በእግዚአብሔር እንዳትልኪው። ሰውየው ክፉ አስቦ አይደለም፣ ለሌላ ሰው ጥሩ ምክር ነው። ላንቺ ግን አይሆንም።

ለምን መሰለሽ? አንቺ ባለፈው መስከረም 56 ደፍነሻል። (አትካጂ! ሁለት ዓመት እንደምትበልጪኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።) ሰው 55 በሚሞላበት ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ከሥራ ከወጣ፣ ከዚያው ሥራ 401ኬ የሚያወጣው ገንዘብ ያለጊዜው የማውጣት 10 በመቶው ቅጣት የለበትም። ቢቀንሱሽም፣ ራስሽ ብትለቂም ያው ነው። ይህ መብት ግን የአይአርኤ አይደለም። ገንዘቡን አንዴ ወደ አይአርኤ ካዞርሽው በዚህ ምክንያት ያለቅጣት ማውጣት አትችይም፣ እስከ 59 ዓመት ተኩል መጠበቅ ነው። 30 ሺህ ብታወጪ 3 ሺው ለቅጣት ይሄዳል፣ ታክሱ ሳይቆጠር። ደግሞ መብቱ አሁን ከወጣሽበት ሥራ ላለው ገንዘብ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ከነበርሽበት ቦታ የተረሳ ሒሳብ ካለሽ እሱን አይጨምርም።

እንዴት ይሄን ሁሉ አወቅሽ ትይኝ ይሆናል። እሺ፣ ልንገርሽ። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

«401ኬሽን አትንኪው» ብለሽኝ ነበር፣ ታስታውሻለሽ? ነካሁት። 2023 ላይ 20 ሺህ ዶላር አወጣሁ። የወንድሜ ነገር ነው፣ ታውቂዋለሽ። እኔ ያኔ 52 ነበርኩ። ቼኩ ሲመጣ 16 ሺህ ብቻ ነው። 4 ሺው፣ ማለትም 20 በመቶው፣ ለታክስ ተይዟል ይላል። እኔም ታክሱ ተከፈለ፣ አለቀ ብዬ ተቀመጥኩ። የተያዘው ግን ቀብድ ነበር። ሒሳቡ የሚዘጋው ታክስ ሲሠራ ነው። ይህን የነገረኝ አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ቤት ቀየርኩ። በጥር የሚላከው 1099-አር (ከጡረታ ሒሳብ የወጣውን የሚገልጸው ወረቀት) ወደ ድሮው አድራሻ ሄደ። ታክስ ያሠራሁት በደመወዝ ወረቀቴ፣ በደብልዩ-2 ብቻ ነው። ታክስ ሠሪው «ሌላ ገቢ አለሽ?» ሲለኝ የለም አልኩት። ውሸት መስሎ አልተሰማኝም፤ የራሴ ገንዘብ ነው፣ ምን ገቢ ይባላል ብዬ ነው። የ1099-አሩ ቅጂ ግን አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ጋ ደርሷል። እኔ ያልኩትንና እነሱ የያዙትን ኮምፒውተር ያስተያያል።

ዘንድሮ በጸደይ ሲፒ2000 የሚባለው ደብዳቤ መጣ። 2,400 ዶላር፣ ወለዱ ሳይቆጠር። ፖስታውን አሥራ ዘጠኝ ቀን ሳልከፍተው ማቀዝቀዣው ላይ አስቀምጬ አየው ነበር። ያኔ ነው ስልክሽን ማንሳት ጭራሹን ያቆምኩት። አንቺን ሸሽቼ አይደለም… ነው እንጂ። አንቺን ሸሽቼ ነው። «ነግሬሽ ነበር» እንደማትይኝ አውቃለሁ፣ ግን ዝም ብለሽ ብትሰሚኝ ራሱ አልችለውም ነበር።

ስከፍተው ለካ ገና ሐሳብ ነው፣ «በእኛ መረጃ እንዲህ ይመስላል፣ ትስማሚያለሽ?» ይላል። መልስ እስከምትሰጪ ወደ 30 ቀን አለሽ። 20 ሺውን በሙሉ ገቢ አድርገው፣ እኔ ባለሁበት የ22 በመቶ እርከን 4,400 ታክስ፣ 10 በመቶው ቅጣት 2,000፣ ከዚያ የተያዘውን 4,000 ቀንሰው ነው 2,400 ያሉት።

ግን ያልነገርኩሽ ሌላ ነገር አለ። ገንዘቡን ካወጣሁ በኋላ እንቅልፍ አጥቼ፣ በ52ኛው ቀን 8 ሺውን አይአርኤ ከፍቼ መልሼ አስገብቼ ነበር። በ60 ቀን ውስጥ ወደ ጡረታ ሒሳብ የተመለሰ ሮልኦቨር ስለሚባል ታክስም ቅጣትም የለበትም። ታክሴ ላይ ስላልተጻፈ ግን እነሱ ከየት ያውቃሉ? አይአርኤውን የያዘው ድርጅት የላከልኝን 5498 የሚባል፣ ማስገባቴን የሚያሳይ ፎርም ፈልጌ አወጣሁ፣ አልስማማም ብዬ ፈረምኩ፣ አያይዤ ላክሁ። ስሌቱ ተቀየረ። 12 ሺህ ላይ 2,640 ታክስ፣ 1,200 ቅጣት፣ በድምሩ 3,840። የተያዘብኝ 4,000 ነው። 160 ዶላር የኔ ሆኖ ተገኘ! መጀመሪያ በትክክል ባሳውቅ ኖሮ ያ ሁሉ ጭንቀት አይኖርም ነበር። የመዝጊያው ደብዳቤ የመጣ ቀን መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስለዚህ አንቺ ካወጣሽ፣ 1099-አሩ ሲመጣ ቦክስ 7ን እይ። ኮዱ 2 ከሆነ ቅጣት እንደሌለብሽ ተጽፏል ማለት ነው። 1 ካሉት ግን እንዳትደነግጪ፣ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ይጽፉታል። ታክስ ሠሪሽ ፎርም 5329 (የቅጣቱ ፎርም) ላይ ምክንያት ቁጥር 01 ይሙላልሽ። እሱ ካልተሞላ ቅጣቱን ይጠይቁሻል። ያወጣሽው ጠቅላላ ገንዘብ በዋናው የታክስ ፎርም፣ 1040ው ላይ 5ኤ፣ ታክስ የሚጣልበት 5ቢ ላይ ይገባል። የተያዘብሽ ደግሞ 25ቢ ላይ፤ እሱን ከረሳሽው የራስሽን ገንዘብ ጥለሽላቸው ሄድሽ ማለት ነው። ፖስታው ባይደርስሽ አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍተሽ በስምሽ የተላከውን ማየት ትችያለሽ።

ቅጣቱ ቀረ ማለት ግን ታክሱ ቀረ ማለት አይደለም። እኔ ቬጋስ ስለሆንኩ የስቴት ግብር የለብኝም። አንቺ ሜሪላንድ ነሽ፣ ስቴቱም ካውንቲውም ይፈልጋሉ። አንኢምፕሎይመንቱም (የሥራ አጥ ክፍያው) ገቢ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታውጪ። ዘንድሮ እስከ ክረምት ደመወዝ ስለበላሽ፣ የሚያስፈልግሽን ብቻ አሁን፣ ሌላውን ከጃንዋሪ በኋላ ብታደርጊው ይሻላል። አንዳንዱ የ401ኬ ፕላን ከፊል ማውጣት አይፈቅድም፣ ደውለሽ ጠይቂያቸው።

ለኪራይ የሚያስቸግርሽ ከሆነ ደግሞ 401ኬውን ከመንካትሽ በፊት ለኔ ንገሪኝ። ብዙ የለኝም፣ ግን አለኝ። ይህን መጻፍ ከበደኝ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ገንዘብ አለኝ ብሎ መምጣት ምን ይመስላል… ቢሆንም ንገሪኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። አንቺ ጋ ሦስት ሰዓት እንደሚቀድም አልረሳሁም። ፎርሙን ልከሽው ከሆነ ግን እሁድን አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ደውይልኝ።

ያንቺው